ኦንቶሎጂ ለመረጃ ውህደት ሥርዓት፦ የቱን መምረጥ፣ የት ላይ ማስገባት

አንድ የባህር ክልል የሚቆጣጠር ሥርዓት አስቡ። ራዳሩ "እዚህ ነጥብ ላይ የሆነ ነገር አለ፣ በዚህ ፍጥነት እየሄደ ነው" ይላል። መርከቦች ማንነታቸውንና ቦታቸውን የሚያሰራጩበት ኤአይኤስ የሚባለው መሣሪያ "እንዲህ የምባል የጭነት መርከብ ነኝ" ይላል። ካሜራው "ታንከር ይመስላል" ይላል። ከወደብ የመጣው ሪፖርት ደግሞ በተራ ጽሑፍ ሌላ ነገር ያወራል። አራቱ የሚያወሩት ስለ አንድ መርከብ ነው? ከሆነስ የማንን ቃል እንያዝ? የመረጃ ውህደት ሥራ በአጭሩ ይኸው ነው።

ኦንቶሎጂ እዚህ የሚገባው የአራቱን ንግግር በአንድ የትርጉም መዋቅር ላይ ለማሳረፍ ነው። ምን ዓይነት ነገሮች አሉ? በምን ይገናኛሉ? ይህ እውነት ከሆነ ሌላ ምን እውነት ይሆናል? እነዚህን ማሽን በሚያነበው ቋንቋ ይጽፋል።

ግን "ኦንቶሎጂ እንጠቀም" ማለት ገና ምንም መምረጥ አይደለም። ውስጡ ብዙ ምርጫ አለ። ብዙ ቡድኖች ጊዜያቸውን የሚጨርሱት የትኛውን ቋንቋና የትኛውን መሣሪያ እንውሰድ በሚለው ክርክር ነው። በእኔ እምነት ሥርዓቱን የሚያቆሙት ወይም የሚጥሉት ሁለት ሌሎች ጥያቄዎች ናቸው። አንደኛው፣ ሁለት መረጃዎች ስለ አንድ ነገር መሆናቸውን እንዴት እንመዘግባለን? ሁለተኛው፣ እርግጠኛ ያልሆንበትን እንዴት እንጽፋለን? ስለዚህ እዚያ ላይ ረዘም እላለሁ። ሌላውን ፈጠን ብዬ አልፋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

በየትኛው ደረጃ ላይ?

የመስኩ ሰዎች ሥራውን የሚከፋፍሉት በአብዛኛው በጄዲኤል ሞዴል ነው። በ1980ዎቹ በአሜሪካ መከላከያ ሥር የወጣ ሲሆን በ1990ዎቹ መጨረሻ ተሻሽሏል። ደረጃ 0 ጥሬው ሲግናል ነው። ደረጃ 1 ነጠላ ነገሮችን መለየትና መከታተል ነው። ደረጃ 2 በነገሮቹ መካከል ያለውን ግንኙነት፣ ማለትም ሁኔታውን መረዳት ነው። ደረጃ 3 ሁኔታው ወዴት እንደሚያመራና ምን እንደሚያስከትል መገመት ነው። ደረጃ 4 ደግሞ ሥርዓቱ ራሱን የሚያስተካክልበት ነው፤ ለምሳሌ ካሜራውን ወዴት እናዙረው የሚለው።

ደረጃ 0 ላይ ኦንቶሎጂ አታስገቡ። እዚያ ቦታ የለውም። ደረጃ 1 ላይም ቢሆን ክትትሉን ለካልማን ፊልተር (ከሚዋዥቅ የሴንሰር ንባብ ቦታና ፍጥነትን እየገመተ ለሚከታተል ስሌት) እና ለዘመዶቹ ተዉላቸው። ከ1960 ጀምሮ ይህን ሥራ በሚገባ ሲሠሩ ቆይተዋል። በየሰከንዱ የሚታደስ ቦታና ፍጥነት ሁሉ ወደ ግራፍ፣ ማለትም ነገሮችና ግንኙነቶቻቸው ወደሚጻፉበት መረብ፣ እየገለበጡ ማስገባት ሥርዓቱን ከማዘግየት በቀር ጥቅም የለውም። ኦንቶሎጂ ደረጃ 1 ላይ የሚፈለገው የነገሩ ዓይነት ሲሰየም ነው። ኤአይኤስ የመርከቡን ዓይነት በቁጥር ይልካል። ከ70 እስከ 79 ያለው የጭነት መርከብ ነው፣ ከ80 እስከ 89 ያለው ታንከር ነው፣ 30 ዓሣ አስጋሪ ነው። ካሜራውን የሚያነበው ሞዴል ግን የራሱ ስሞች አሉት። ሪፖርት ጸሐፊውም እንደዚሁ። እነዚህን ማስማማት የኦንቶሎጂ ሥራ ነው።

ዋናው ጥቅም ያለው ደረጃ 2 እና 3 ላይ ነው። "ሁለት መርከቦች ከወደብ ርቀው፣ ፍጥነታቸውን ቀንሰው፣ ተጠጋግተው ቆመዋል፤ አንዱ ታንከር ነው" የሚለው ስለ ግንኙነት የተነገረ ነው። በባህር ላይ ጭነት እያሸጋገሩ ሊሆን ይችላል። ይህ ዕውቀት በፕሮግራሙ ኮድ ውስጥ ከተቀበረ ማንም ባለሙያ ሊያነበውና ሊያርመው አይችልም። በኦንቶሎጂ ሲጻፍ ግን ከኮዱ ውጭ ይቀመጣል። ይታያል፣ ይከራከሩበታል፣ ይቀየራል።

ኦንቶሎጂ ወይስ ቀለል ያለ ነገር?

ምንጮቻችሁ ጥቂት ከሆኑ፣ ሁሉም በእናንተ እጅ ከሆኑ፣ ቅርጻቸውም ቶሎ ቶሎ የማይለወጥ ከሆነ የጋራ ስኪማ (የመረጃው ቅርጽ ንድፍ) እና በደንብ የተጻፈ የመረጃ መዝገበ ቃላት ይበቃችኋል። ከዚህ በላይ መሄድ ወጪ ነው።

የምትጠይቁት ጥያቄ በአብዛኛው "ማን ከማን ጋር ተገናኘ" የሚል ከሆነ የግራፍ ዳታቤዝ ጥሩ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ግራፍ ጂኪውኤል የተባለው ዓለም አቀፍ መጠይቅ ቋንቋ በ2024 ጸድቋል። ፕሮግራመሮች ቶሎ ይለምዱታል። በግንኙነቱ ላይ ሰዓትና የእርግጠኝነት መጠን በቀጥታ ማስቀመጥ መቻሉም ለውህደት ሥራ ትልቅ ነገር ነው። ጉድለቱ ትርጉሙ በግራፉ ውስጥ አለመኖሩ ነው። "ታንከር" የሚለው መለያ ለማሽኑ ፊደል ብቻ ነው። ታንከር የመርከብ ዓይነት እንደሆነ የሚያውቀው መጠይቁን የጻፈው ሰው ነው።

ሦስተኛው መንገድ አርዲኤፍ፣ ማለትም መረጃን "ይህ፣ በዚህ ግንኙነት፣ ከዚያ ጋር" በሚሉ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች የሚጽፍ የድር ስታንዳርድ፣ ከቀላል ቃላት ስብስብ ጋር ነው። ለእያንዳንዱ ነገር ዓለም አቀፍ መለያ ትሰጣላችሁ፣ የክፍሎች ተዋረድ ታስቀምጣላችሁ፣ ስፓርክል በተባለው የአርዲኤፍ መጠይቅ ቋንቋ ትጠይቃላችሁ። ምንጮቹ በተለያዩ ድርጅቶች እጅ ሲሆኑ ይህ ከግራፍ ዳታቤዙ ይሻላል። እውነቱን ለመናገር ብዙ ሥርዓቶች እዚህ ላይ ቢቆሙ ጥሩ ነበር።

አራተኛው ሙሉ ኦንቶሎጂ ነው፤ አውል (OWL) በተባለው የኦንቶሎጂ ቋንቋ የሚጻፍ፣ ሪዝነር የሚሠራበት። ሪዝነር ከተጻፈው ተነስቶ ያልተጻፈውን የሚያወጣ፣ እርስ በርሱ የሚጋጨውንም የሚይዝ ሶፍትዌር ነው። ይህን የምትመርጡት ማሽኑ ራሱ እንዲያመዛዝን የምትፈልጉት ነገር ሲኖር ብቻ ነው። ያ ነገር ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካልቻላችሁ ወደ ሦስተኛው ተመለሱ።

የአውል ዓይነቶች

አውል በ2004 የድር ስታንዳርድ ሆነ። ሁለተኛው እትም በ2009 ወጣ። በሙሉ አቅሙ ሲሠራበት አመክንዮው በጣም ከባድ ነው። በከፋው ሁኔታ የሚወስደው ጊዜ ከመረጃው መጠን ጋር ከመጠን በላይ ያድጋል። ስለዚህ ሦስት የተቀነሱ ዓይነቶች ተዘጋጅተዋል።

ኢኤል ለትልልቅ ተዋረዶች የተሠራ ነው። ከ350,000 በላይ ጽንሰ ሐሳቦች ያሉት ስኖሜድ ሲቲ የተባለው የሕክምና ቃላት ስብስብ በዚህ ዓይነት ይሠራል። ኤልክን የመሰለ ሪዝነር ይህን ያህል ነገር በሰከንዶች ይመድባል። ኪውኤል ደግሞ መረጃው በተራ ዳታቤዝ እንዳለ ተቀምጦ መጠይቁ ብቻ እንዲተረጎም ለሚፈልጉ ነው። አርኤል "ይህ ከሆነ ያ ይሆናል" የሚሉ ሕጎችን በሚያስኬድ ሞተር የሚሠራ ነው፤ መረጃ እየፈሰሰ ሲመጣ እየተከተለ ድምዳሜ ያወጣል።

ለውህደት ሥርዓት ምርጫዬ አርኤል ነው። መረጃው አይቆምምና። ትልቅ የመሣሪያ ወይም የበሽታ ዝርዝር ካላችሁ ዝርዝሩን በኢኤል ቀድማችሁ መድቡና ውጤቱን ብቻ ወደሚሠራው ሥርዓት አስገቡ። ሙሉውን አውል ሄርሚት ወይም ፔሌት በተባሉት ሪዝነሮች የምትፈትሹት ኦንቶሎጂውን ስትገነቡ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ያለ ችኮላ ይሁን። በቀጥታ ሥራ ላይ ባለ ሥርዓት ውስጥ አታስሩት።

ያልተነገረ ነገር ሐሰት ነው ወይ?

ከዳታቤዝ የመጣ ሰው አውል ላይ የሚደናገረው እዚህ ነው። በዳታቤዝ ዓለም ያልተመዘገበ ነገር የለም ማለት ነው። በአውል ዓለም ያልተመዘገበ ነገር "አላውቅም" ማለት ነው። ለውህደት ሥራ ይህ በአብዛኛው ትክክለኛ አቋም ነው። ራዳሩ ስላላየው መርከቡ የለም አይባልም።

ግን ደግሞ ከሚፈለጉት ዋና ዋና ማስጠንቀቂያዎች አንዱ በመጥፋት ላይ የቆመ ነው። በዓለም አቀፍ ጉዞ ላይ ያለ ጠቅላላ ቶኔጁ 300 እና ከዚያ በላይ የሆነ መርከብ ኤአይኤስ እንዲይዝ ይገደዳል። መሣሪያው መርከቡ እየተጓዘ ሳለ እንደ ፍጥነቱ በየ2 እስከ 10 ሰከንዱ ቦታውን ይልካል። ራዳሩ ትልቅ አካል አይቶ ከዚያ አቅጣጫ ምንም የኤአይኤስ መልእክት ከሌለ ይህ ዜና ነው። አውል ብቻውን ይህን አይነግራችሁም። "ምናልባት መልእክት አለ፣ እኔ ነኝ የማላውቀው" ይላል።

መፍትሔው ሁለቱን ማቀላቀል ነው። ትርጉሙን በአውል ጻፉ። "ይህ መኖር ነበረበት፣ የለም" የሚለውን ፍተሻ በሻክል ወይም በስፓርክል ሥሩ። ሻክል በ2017 የጸደቀ የመረጃ መፈተሻ ቋንቋ ነው፤ ለዚህ በትክክል ይመቻል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ለመምረጥ የሚከራከር ቡድን ካጋጠማችሁ ክርክሩን አቋርጡት። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ሌላም የአውል ባሕርይ አለ። አዲስ መረጃ ሲገባ የቀድሞው ድምዳሜ አይሻርም፤ ይጨመርበታል እንጂ። ውህደት ግን ሐሳቡን መቀየር አለበት። ከአሥር ደቂቃ በፊት "ዓሣ አስጋሪ ነው" ያለው ሥርዓት አሁን "አይደለም" ማለት ሊኖርበት ነው። ስለዚህ ድምዳሜዎችን ጊዜያዊ አድርጋችሁ፣ የራሱ ስም በተሰጠው ለብቻው በተቀመጠ ግራፍ ያዙ። መሠረቱ ሲቀየር ግራፉን ጠርጎ እንደገና ማውጣት ይቀላል።

ትራክ መርከብ አይደለም

አሁን ወደ ማንነት ጥያቄ። ብዙ ጊዜ የማየው የአወቃቀር ስህተት ይህ ነው፦ ራዳሩ የሚከተለውን ትራክ "መርከብ" በሚለው ክፍል ሥር መመዝገብ። ትራክ ስለ መርከብ ያለን መረጃ ነው። ሁለት ትራኮች የአንድ መርከብ ሊሆኑ ይችላሉ። አንድ ትራክ መሃል ላይ ከአንዱ መርከብ ወደ ሌላው ዘሎ ሊሆን ይችላል። ማዕበል የፈጠረው የውሸት ትራክ ደግሞ ከጀርባው ምንም የለም። ሁለቱን አንድ ካደረጋችሁ ሥርዓቱ ስህተቱን የሚጽፍበት ቦታ ያጣል። ማንኛውንም ዝግጁ ኦንቶሎጂ ስትመዝኑ መጀመሪያ ይህን ልዩነት ይዞ እንደሆነ እዩ።

ቀጥሎ ማያያዙ ይመጣል። ኤአይኤስ የሚልከው ኤምኤምኤስአይ የተባለው ቁጥር 9 አኃዝ ነው፤ በመርከብ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አገሩን ያሳያሉ። መርከቡ ባንዲራ ሲቀይር ቁጥሩም ይቀየራል። ዓለም አቀፉ የባህር ድርጅት ሥርዓት የሚሰጠው የአይኤምኦ ቁጥር ግን 7 አኃዝ ነው፣ ከመርከቡ ጋር ዕድሜ ልክ ይኖራል። ስለዚህ ኤምኤምኤስአይን የመርከቡ መለያ አድርጎ የሚወስድ ኦንቶሎጂ ባንዲራ የቀየረን መርከብ ሁለት መርከብ ያደርገዋል። ቁጥሩ የመርከቡ ሳይሆን መርከቡ በአንድ ወቅት የያዘው የጥሪ መለያ ሆኖ ይጻፍ።

አውል ሁለት ስሞችን "አንድ ናቸው" የሚልበት ዝግጁ ግንኙነት አለው። ፈታኝ ነው፣ ምክንያቱም ቀላል ነው። ግን ይህ ግንኙነት ይተላለፋል። ሀ ከለ፣ ለ ከሐ ጋር አንድ ከተባሉ ሀ እና ሐም አንድ ይሆናሉ። አንዲት የተሳሳተች ማያያዣ የሁለት መርከቦችን ታሪክ በሙሉ ታደባልቃለች፤ ከዚያ በኋላ መለየቱ ጭንቅ ነው። ይህን ግንኙነት የአይኤምኦ ቁጥርን የመሰለ ጽኑ ማስረጃ ሲኖር ብቻ ተጠቀሙበት። ለሌላው ሁሉ "ተመሳሳይ ሊሆን ይችላል" የሚል የራሳችሁን ግንኙነት ፍጠሩ። የእርግጠኝነት ነጥቡን፣ ማስረጃውንና ሰዓቱን አብራችሁ ያዙለት። ተፎካካሪ ግምቶች ካሉ እያንዳንዱን በራሱ ግራፍ አኑሩት። የክትትል ባለሙያዎች ብዙ ግምት ጎን ለጎን የመያዝን ዘዴ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያውቁታል። ኦንቶሎጂው እሱን መሸከም አለበት እንጂ ወደ አንድ መልስ መግፋት የለበትም።

እርግጠኛ ያልሆኑበትን መጻፍ

አውል እውነትና ሐሰት ብቻ ያውቃል። "70 በመቶ ታንከር ነው" የሚል ነገር በውስጡ የለም። ምርጫዎቹ እነዚህ ናቸው።

ቀላሉ፣ የእርግጠኝነቱን ቁጥር እንደ ተራ መረጃ ማስቀመጥ ነው። ኦንቶሎጂው ይይዘዋል፣ ሒሳቡን ውጭ ያለ ፕሮግራም ይሠራል። ለአብዛኞቹ የምመክረው ይህን ነው። አንድ ግዴታ ግን አለው። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ አብሮ ይጻፍ። ፕሮባቢሊቲ ነው? የካሜራው ሞዴል ያወጣው ነጥብ ነው? ወይስ ሪፖርት ጸሐፊው "እገምታለሁ" ያለው ወደ ቁጥር ተቀይሮ ነው? ሦስቱ በአንድ አምድ ውስጥ ከተደባለቁ ውህደቱ ትርጉም የለውም። ዩሬፍ የተባለው ማዕቀፍ ለዚህ ይረዳል። ከዓለም አቀፉ የመረጃ ውህደት ማኅበር የሥራ ቡድን የወጣ ነው። የእርግጠኝነት ጉድለት ከየት እንደመጣና በምን እንደሚለካ የሚዘረዝር ኦንቶሎጂ ነው።

ሁለተኛው ፕሮባቢሊቲን ከኦንቶሎጂው ጋር መስፋት ነው። ፒአር-አውል የዚህ ምሳሌ ነው፤ በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ በ2005 ግድም የተጀመረ። የቤይዝ መረብን፣ ማለትም አንዱ ነገር የሌላውን ዕድል እንዴት እንደሚቀይር የሚያሰላ ሞዴል፣ ከአውል ጋር ያዋህዳል። "ካፒቴኑ ከዚህ ድርጅት ጋር የሚሠራ ከሆነ መርከቡ ኮንትሮባንድ የመጫን ዕድሉ ይህን ያህል ነው" ዓይነት ነገር በወጉ ይጻፍበታል። ኃይለኛ ነው። ግን ሞዴሉን የሚያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል፣ ስሌቱም ነገሮች ሲበዙ ይዘገያል። ጥቂት ግን ከባድ ውሳኔ ላላቸው ሥርዓቶች ነው።

ሦስተኛው የዴምፕስተርና ሼፈር የማስረጃ ንድፈ ሐሳብ ነው፤ ከየምንጩ የመጣን የእምነት መጠን በቀመር የሚያዋህድ። "አላውቅም" የሚለውን ለብቻው መያዝ መቻሉ ለሴንሰር መረጃ ተስማሚ ያደርገዋል። የታወቀ ወጥመድ ግን አለው፤ ሎትፊ ዛዴህ ያሳየው። አንዱ ሐኪም 99 በመቶ ማጅራት ገትር፣ 1 በመቶ የአንጎል ዕጢ ይላል። ሌላው 99 በመቶ የአንጎል መናወጥ፣ 1 በመቶ የአንጎል ዕጢ ይላል። ቀመሩ ሁለቱን ሲያዋህድ መቶ በመቶ ዕጢ ይላል። ሁለቱም የማይመስል ያሉት ነገር አሸነፈ ማለት ነው።

ኦንቶሎጂ በጣም የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ይህን ጥቅሙን ብዙ ሰው አያነሳውም። ዘዴው በመጀመሪያ የሚጠይቀው እርስ በርስ የማይደራረቡ አማራጮችን ነው። ምንጮች ግን እንደዚያ አያወሩም። አንዱ "መርከብ" ይላል፣ ሌላው "ታንከር"፣ ሦስተኛው "ጋዝ ጫኝ"። ተዋረድ የሌለው ሥርዓት ሦስት የተጋጩ መልሶች ያያል። ተዋረዱን የሚያውቅ ሥርዓት ሦስቱም የተስማሙ፣ በዝርዝርነት ብቻ የተለያዩ መሆናቸውን ያያል። እውነተኛ ግጭት የሚሆነው "ጋዝ ጫኝ" እና "ዓሣ አስጋሪ" ሲሉ ነው፤ ምክንያቱም ኦንቶሎጂው ሁለቱ እንደማይደራረቡ በግልጽ ጽፏል። እንግዲህ የውሸቱን ግጭት ኦንቶሎጂው ያጣራል፣ የእውነተኛውን ሒሳቡ ይፈታል። ስለዚህ አንድ ዝግጁ ኦንቶሎጂ ስትመርጡ የትኞቹ ክፍሎች እንደማይደራረቡ ተጽፎ እንደሆነ ፈትሹ። ብዙዎቹ ይህን ሳይጽፉ ይተዉታል።

ሰዓትና ምንጭ

እዚህ ከባዶ አትጀምሩ። የሴንሰር ምልከታን ለመግለጽ ሶሳ እና ኤስኤስኤን የተባሉ ዝግጁ ኦንቶሎጂዎች አሉ፤ በ2017 የጸደቁ። ሶሳ ነገሩ የታየበትን ሰዓትና ውጤቱ የወጣበትን ሰዓት ለየብቻ ይይዛል። መረጃ ዘግይቶና ተራውን ስቶ በሚደርስበት ሥርዓት ይህ ሕይወት ነው። ለምንጭ ታሪክ በ2013 የወጣው ፕሮቭ-ኦ አለ። ያለ እሱ አንድ ዜና በሁለት መንገድ ዞሮ ሲመጣ እንደ ሁለት ማስረጃ ይቆጠራል፣ እርግጠኝነቱም ያለ አግባብ ያብጣል። ለቦታ ስፓርክልን ለመልክዓ ምድር መረጃ ያሰፋው ጂኦስፓርክል ይበቃል።

ላይኛው ኦንቶሎጂ

እንደ "ነገር"፣ "ሂደት"፣ "ባሕርይ" ያሉትን ጥቅል ክፍሎች የሚሰጡ ዝግጁ መሠረቶች አሉ። ቢኤፍኦ ትንሽና ጥብቅ ነው፣ ከ2021 ጀምሮ የአይኤስኦ ስታንዳርድ ነው። ከላዩ የጋራ መካከለኛ ኦንቶሎጂዎች ስብስብ አለው፤ ለመከላከያና ለደኅንነት ሥራ ጊዜ ይቆጥባል። ዶልቼ ሰው ዓለምን በሚረዳበትና በሚናገርበት መንገድ ላይ ያተኩራል፤ ከጽሑፍ ሪፖርት ለሚነሳ ሥራ እሱን እመርጣለሁ። ሱሞ ሰፊ ነው፣ ግን የተጻፈው ከአውል በሚሰፋ አመክንዮ ስለሆነ ወደ አውል ሲገባ ብዙ ይጥላል። አጋሮቻችሁ አንዱን እየተጠቀሙ ከሆነ እሱኑ ውሰዱ፤ ክርክሩ እዚያው ያብቃ። ብቻችሁን ከሆናችሁና ሥርዓቱ ትንሽ ከሆነ ያለ ምንም ላይኛው ኦንቶሎጂ መጀመርም ነውር የለውም።

አንድ ለሁሉም ወይስ ለየራስ?

ሁሉም ምንጭ በአንድ ትልቅ ኦንቶሎጂ ይናገር የሚለው ሐሳብ በወረቀት ላይ ያምራል። አዲስ ምንጭ በመጣ ቁጥር ግን ሁሉም ይነካካል። ለእያንዳንዱ ምንጭ የራሱን ሰጥቶ ጥንድ ጥንዱን ማገናኘት ደግሞ ለአሥር ምንጭ እስከ 45 ግንኙነት ያስፈልገዋል። የሚያዋጣው መካከለኛው ነው። ትንሽ የጋራ ቃላት መሃል ይቀመጣሉ፣ እያንዳንዱ ምንጭ የራሱን ይዞ ወደ መሃሉ ብቻ ይያያዛል። ማያያዣዎቹን ለመጠቆም የቋንቋ ሞዴሎችን መጠቀም ይቻላል፤ በእርግጥ ድካም ይቀንሳሉ። ግን የሚያጸድቀው ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ይሁን።

እንግዲህ ለማን የቱ?

ሁለት ሦስት ሴንሰር ብቻ ያለው፣ መከታተል ብቻ የሚፈልግ ቡድን ኦንቶሎጂ አያስፈልገውም። የብዙ ድርጅቶችን መረጃ ለሰው ተንታኝ የሚያቀርብ ሥርዓት አርዲኤፍ፣ ሶሳ፣ ፕሮቭ-ኦ እና ሻክል ይዞ ይነሳ፤ አውልን በጥቂቱ። ሁኔታን ራሱ አውቆ የሚያስጠነቅቅ ሥርዓት በዚያ ላይ አርኤልን ይጨምር፣ እርግጠኝነቱን ደግሞ በውጭ ሒሳብ ይሥራ። ፒአር-አውል ወይም መሰሎቹ የሚገቡት በእያንዳንዱ ውሳኔ ላይ ብዙ ነገር ሲንጠለጠልና ስሌቱን የሚጠብቅ ባለሙያ በቡድኑ ውስጥ ሲኖር ነው።

ከመወሰናችሁ በፊት ሥርዓቱ መመለስ ያለበትን ጥያቄዎች በተራ ቋንቋ ጻፉ። "ባለፉት ስድስት ሰዓታት ኤአይኤሱን አጥፍቶ ከሌላ መርከብ ጋር የተጠጋ ማን ነው?" ዓይነቱን። ከዚያ የተቀዳ መረጃ ውሰዱና በሁለት መንገድ አጫውቱት፤ አንዴ በኦንቶሎጂው፣ አንዴ በተራ ስኪማና በእጅ በተጻፉ መጠይቆች። የትኞቹን ጥያቄዎች መለሰ? ስንት የውሸት ማስጠንቀቂያ አወጣ? መልሱ ስንት ሰከንድ ፈጀ? አዲስ ምንጭ ለመጨመር ስንት ቀን ወሰደ? ኦንቶሎጂው ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ይሸነፋል፣ በአራተኛው ያሸንፋል። ምንጮቻችሁ በየጊዜው የሚጨመሩ ከሆነ ይህ ልውውጥ ያዋጣል። የማይጨመሩ ከሆነ አያዋጣም።